የእርምጃ እቁብ

አጎቴ ሚኒባስ ነጂ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት መሪ ጨብጧል። ባለፈው ዓመት አሜሪካ ያለችው ልጁ የእጅ ሰዓት ላከችለት፤ ሰዓት ከመናገር ሌላ የልብ ምትና እርምጃ የሚቆጥር። አንድ ቀን ለምሳ እኛ ቤት ጎራ ብሎ፣ እጁን ታጥቦ ማዕድ ከቀረበ በኋላ ክንዱን ዘረጋልኝ። ሰዓቱ 6,200 ይላል።

«ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከመኪናው የወረድኩት ሁለት ጊዜ ነው» አለ። «አንዴ ነዳጅ ስቀዳ፣ አንዴ ለሽንት። ታዲያ ይሄን ሁሉ ማን ተራመደልኝ?»

እየበላን ነገሩን ለማስረዳት ሞከርኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ የማዕድ ወሬ ተቀጥላ ነው።

ሰዓቱ ውስጥ ከምስር ፍሬ የምታንስ ቺፕ አለች። በቺፗ ሆድ ውስጥ ከሲሊከን የተቀረጸች ቅንጣት ክብደት፣ ከዚያው ከሲሊከን በተሠሩ ስስ ሞላዎች ተይዛ ተንጠልጥላለች። አጎቴ ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም። «ተሳፋሪ በላታ!» አለ። ልክ ነው። ፍሬን ሲያዝ ተሳፋሪው ወደ ፊት ይደፋል፤ ነዳጅ ሲሰጥ ከወንበሩ ጀርባ ይለጠፋል፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ከመቀመጫው ይነሳል። ቅንጣቷ ክብደትም እጃችን በተወዛወዘ ቁጥር እንዲሁ ወዲያና ወዲህ ትላለች። አጠገቧ ጥቃቅን ሳህኖች ተደርድረዋል። ወደ አንዱ ስትጠጋና ከሌላው ስትርቅ በመካከላቸው የሚጠራቀመው የኤሌክትሪክ መጠን ከፍ ዝቅ ይላል። ቺፗ ይህን ከፍታና ዝቅታ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ደጋግማ ታነባለች፤ ለላይና ታች፣ ለግራና ቀኝ፣ ለፊትና ኋላ ለየብቻው።

ሰዓቱ እግር የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው ምት ብቻ ነው። ሰው ሲራመድ በአንድ ሴኮንድ ሁለት ያህል ጊዜ እግሩ መሬት ይነካል፤ እጁም አብሮ ይወዛወዛል። ሰዓቱ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ይህን የሚመስል ተደጋጋሚ ሞገድ ይፈልጋል። አንድ ሁለት ብቻ ከሆነ ንቆ ያልፈዋል፤ ተከታትሎ ከመጣ «ይህ ሰው እየተራመደ ነው» ብሎ መቁጠር ይጀምራል። አሁን የአጎቴን እጅ አስቡት። ግራው ከመሪው ጋር በኮብልስቶን ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ቀኙ ከመሪ ወደ ካምቢዮ፣ ከካምቢዮ ወደ መሪ ይመላለሳል። መንገዱ ጎድጎድ ባለ ቁጥር ሰዓቱ እርምጃ ይጨምርለታል። 6,200ውን የተራመደለት መንገዱ ነው።

ሐሰቱን የሚያጋልጠው ደግሞ ራሱ ሰዓቱ ነው። ከጀርባው ብልጭ የሚለው አረንጓዴ መብራት የልብ ምት መቁጠሪያ ነው። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ይመጥጣል፤ ልብ ደም በገፋች ቁጥር በቆዳ ሥር ያለው ደም ለቅጽበት ስለሚበዛ ወደ ሰዓቱ የሚመለሰው ብርሃን ያንሳል። ያን መዋዠቅ መቁጠር የልብ ምትን መቁጠር ነው። የአጎቴ የልብ ምት በዚያ ሁሉ «ጉዞ» ከተቀመጠ ሰው ምት ንቅንቅ አላለም። ልብ የሌለበት እርምጃ የጎማ እርምጃ ነው አልኩት።

የሹፌሮችን እንቅስቃሴ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ይህን ችግር ስለሚያውቁ፣ ለመለኪያነት ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ጭን ላይ የሚለጠፍ ትንሽ መሣሪያ ነው። ብልሃቱ ቀላል ነው፦ ሰው ሲቀመጥ ጭኑ ይጋደማል፣ ሲቆም ይቆማል። መሣሪያው የጭንን አቅጣጫ ከመሬት ስበት አንጻር ስለሚያነብ፣ መኪናው የቱንም ያህል ቢንገጫገጭ የተቀመጠን ሰው ቆሟል አይልም።

ይህን ስነግረው አጎቴ ዝም ብሎ ቆየና ያልጠበቅኩትን ጥያቄ አመጣ። «ለረዳቴ ብሰጠውስ? እሱ እኮ ሲወርድ ሲወጣ ነው የሚውለው።»

ሳያውቀው በዚህ ጉዳይ ላይ ከተሠሩት ጥናቶች ሁሉ ዝነኛ የሆነውን ጠቀሰልኝ።

ነገሩ የለንደን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጄሪ ሞሪስ የተባለ ብሪታንያዊ ሐኪም የልብ ሕመም ለምን እንደበዛ ማወቅ ፈለገ። በዚያን ጊዜ የለንደኑ ባለ ሁለት ፎቅ ቀይ አውቶቡስ ሁለት ሠራተኛ ነበረው፦ ሹፌርና ትኬት ቆራጭ። ሁለቱም ከአንድ የኑሮ ደረጃ የወጡ፣ ዩኒፎርማቸው አንድ፣ የሚውሉት በአንድ መኪና ላይ። ልዩነታቸው አንዱ የሥራ ሰዓቱን ከሞላ ጎደል ተቀምጦ ሲያሳልፍ፣ ሌላው ትኬት ለመቁረጥ በቀን ከ500 እስከ 750 የደረጃ እርከኖችን መውጣቱ ነው። ሞሪስና ባልደረቦቹ 31,000 ያህል የትራንስፖርት ሠራተኞችን መዝገብ አገላበጡ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1953 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ታተመ። ትኬት ቆራጮቹ በልብ ሕመም የሚጠቁት ከሹፌሮቹ ባነሰ ቁጥር ነበር፤ ሲታመሙም በዕድሜ ገፋ ብለው ነው፤ ከሕመሙ የመትረፍ ዕድላቸውም የተሻለ ነበር።

ተጠራጣሪ አልጠፋም። «ምናልባት ከመጀመሪያውም ወፍራሙ ሰው ሹፌርነትን፣ ቀጭኑ ትኬት ቆራጭነትን መርጦ ይሆናል» ተባለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሞሪስ ምን አደረገ? ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ዩኒፎርም የሚያሰፋበትን መዝገብ አስመጥቶ የሱሪ ወገብ ልክ አየ! እውነትም የሹፌሮቹ ወገብ የሰፋ ነበር። ነገር ግን ቀጭኑንም መካከለኛውንም ወፍራሙንም ለየብቻ ሲያይ፣ በየልኩ ትኬት ቆራጩ ከሹፌሩ ይሻል ነበር። ስለ ወገብ ልኩ የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1956 ወጣ። በፖስታ ቤት ሠራተኞችም ላይ ተመሳሳይ ነገር አገኘ፤ ደብዳቤ እየዞረ የሚያድለው ወንበር ላይ ከሚውለው የተሻለ ልብ ነበረው። ሞሪስ ራሱ በምርምሩ አምኖ መሮጥ ጀመረና እ.ኤ.አ. በ2009 በ99 ዓመቱ አረፈ።

እኛ አገር የለንደኑ አውቶቡስ ባይኖር ታክሲያችን አለ። ሹፌሩ ተቀምጦ፣ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ በየፌርማታው እየዘለለ እየወረደ፣ እየጮኸ፣ እየሮጠ እየተሳፈረ። ሁለቱ አንድ ጉሮሮ ለመሙላት ይወጣሉ፤ ማታ ግን አንዱ ባቱ፣ አንዱ ወገቡ ነው የሚያመው።

መቀመጥ ብቻውን ምን ይጎዳል? ሁለት ነገር ብቻ ልጥቀስ። አንደኛው ባት ነው። ልብ ደምን ወደ እግር ትገፋለች፤ ወደ ላይ የሚመልሰው ግን በአብዛኛው የባት ጡንቻ ነው። ስንራመድ ባታችን ደም መላሽ ሥሮቹን እየጨመቀ ደሙን ሽቅብ ይገፋል፤ በሥሮቹ ውስጥ ያሉት ትንንሽ በሮች ወደ ታች እንዳይመለስ ይዘጉበታል። ባት ሲያርፍ ደም እግር ውስጥ ይተኛል። ማታ ማታ ሹፌሩ ጫማ ሲያወልቅ የካልሲው ላስቲክ ሰንበር ሠርቶ የሚገኘው ለዚህ ነው። «ፍሪሲዮን እረግጥ የለም ወይ?» ብሎ ተከራከረኝ አጎቴ። ይረግጣል፤ ግን አንድ እግር፣ ያውም በመንገድ መዘጋጋት ሰዓት።

ሁለተኛው ስኳር ነው። ምግብ በልተን ወደ ደም የሚገባው ስኳር ዋና ማረፊያው ጡንቻ ነው። ጡንቻ ሲሠራ ኢንሱሊን ባይረዳው እንኳ ስኳሩን ከደም ይስባል። የእግርና የዳሌ ጡንቻዎች ከአካላችን ትልልቆቹ ናቸው፤ እነሱ ቀኑን ሙሉ ሲተኙ ስኳሩ ማደሪያ ያጣል። ሹፌር ደግሞ የሚበላው መንገድ ላይ ነው፤ ጥብስ፣ ፓስታ፣ ለስላሳ። በልቶ ወዲያው መሪ ይጨብጣል።

ስንት እርምጃ ይበቃል ታዲያ? የአጎቴ ሰዓት 10,000 ካልሞላ ርችት አያፈነዳም። ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ብታውቁ ትስቃላችሁ። የቶኪዮ ኦሊምፒክ በተካሄደ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ያማሳ የተባለ የጃፓን ድርጅት ወገብ ላይ የሚታሰር እርምጃ ቆጣሪ ለገበያ አቀረበና ስሙን «ማንፖ ኬይ» አለው፤ «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» ማለት ነው። ክብ ቁጥር ነበር፤ ለማስታወቂያ ጣፈጠ፤ ከዚያ በኋላ ዓለም እንደ ሕግ ተቀበለው። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ በ16,700 ያህል በዕድሜ የገፉ ሴቶች ላይ የታተመ ጥናት ግን፣ በቀን 4,400 ገደማ የሚራመዱት 2,700 ከሚራመዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በጣም ያነሰ መሆኑን፣ ጥቅሙም 7,500 አካባቢ ሲደርስ መጨመር ማቆሙን አሳየ። አሮጊቶችና ሹፌሮች አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። ግን ከምንም ወደ ጥቂት የሚደረገው ለውጥ ከብዙ ወደ በጣም ብዙ ከሚደረገው የበለጠ ዋጋ እንዳለው ከዚህም ከሌላም ጥናት እናውቃለን። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ሲመክር፣ «ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሳያቋርጡ» የሚለውን የቀድሞ ቅድመ ሁኔታ አስቀርቶታል። የሦስት ደቂቃ እርምጃም ይቆጠራል። ለሹፌር ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ ቀኑ የተሠራው ከሦስት ሦስት ደቂቃዎች ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ሰዓት ገዝቶ ማሰር ሰውን ያራምዳል? የአጎቴን ሰዓት ያየ መልሱን ያውቃል። ወር ሳይሞላው ማየቱን ተወው። ችግሩ የሰዓቱ አይደለም። ሰዓት ይቆጥራል እንጂ አይቀሰቅስም፤ የሚቀሰቅሰው ሰው ነው።

እንግሊዝ አገር በላፍብራ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን ይህን በከባድ መኪና ሹፌሮች ላይ ሞክሮታል። 25 የጭነት ማዕከሎችና 382 ሹፌሮች ተሳተፉ። ግማሽ ያህሉ ማዕከሎች እንደተለመደው ቀጠሉ፤ የቀሩት የስድስት ሰዓት የጤና ትምህርት፣ እርምጃ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት፣ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ የሚለጠጥ ላስቲክና መሰል መለማመጃ፣ የሚደግፋቸው አሠልጣኝ፣ እንዲሁም በየጊዜው በመካከላቸው የእርምጃ ውድድር ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት እንዲህ ነው፦ ከስድስት ወር በኋላ እነዚህኞቹ ከሌሎቹ በቀን በ1,000 ያህል እርምጃ በለጡ። ፈጠን ባለ አረማመድ ይህ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን የማይነሳ ሰው ያነሳ አሥር ደቂቃ ነው። ደግሞ ሐቁን መደበቅ አያስፈልግም፤ በደም ምርመራ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም፤ ከዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ በኮሮናው ዘመን ሲለኩም በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቶ ተገኘ።

አሜሪካ ውስጥ በኦሪገን ግዛት ተመራማሪዎች የተመራው ሌላው ሙከራ 22 የጭነት ድርጅት ማዕከሎችንና 452 ሹፌሮችን ይዞ ነበር። እዚያ ዋናው ነገር የክብደት መቀነስና የእንቅስቃሴ ውድድር ሆኖ፣ ሹፌሩ በየጊዜው ስልክ የሚደውልለት አማካሪና መንገድ ላይ ሆኖ በኮምፒውተር የሚከታተለው ትምህርት ተሰጥቶት ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ከሌላው ቡድን አንጻር ሦስት ኪሎ ያህል ልዩነት ተገኘ። የሚገርመው የሁለቱም ፕሮጀክቶች ስም «ሺፍት» ነው፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ የሥራ ፈረቃም፣ ማርሽ መቀየርም ይሆናል።

ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው መሣሪያው አይደለም። ሹፌር ብቸኛ ሠራተኛ ነው፤ አለቃው ሩቅ፣ ባልደረባው ሌላ መኪና ውስጥ ነው። ሁለቱም ፕሮጀክቶች ያደረጉት ብቸኛውን ሰው ከሌሎች ብቸኞች ጋር በማሰር «ዛሬ ስንት ሄድክ?» የሚለው ሰው ማበጀት ነው።

ይህን ስናገር አጎቴ ጎረሰና ሳቀ። «ይሄማ እቁብ ነው!» አለ።

ይህን ቃል ከተናገረ ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣም። የታክሲ ሹፌሮች ብርቱ እቁብተኞች ናቸው። በየቀኑ የሚጣል የሹፌር እቁብ አለ፤ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዕጣ የደረሰው ዋስ ይጠራል። ባንክ ያልቻለውን ቁጠባ እቁብ ለምን ቻለው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ብዙ ሰው «ዕጣው ስለሚያጓጓ» ይላችኋል። እኔ አልስማማም። ዕጣው ደስ ይላል፤ ሰውን በየቀኑ ከኪሱ የሚያስወጣው ግን የሚያውቁትን ሰዎች ፊት ማየት ነው። ያልጣለ ሰው ነገ እዚያው ተራ ላይ ከእነዚያው ሰዎች ጋር ይቆማል።

ዋናው ጉልበት ዕጣው አለመሆኑን የሚደግፍልኝ አንድ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ነው፤ የተደረገው በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ 281 ሠራተኞች ላይ እንጂ በሹፌሮች ላይ አይደለም። ግቡ በቀን 7,000 እርምጃ ነበር። ለአንዱ ቡድን ግቡን በመታ ቀን 1.40 ዶላር ይሰጠዋል። ለሁለተኛው ዕጣ ይወጣለታል። ለሦስተኛው ወሩ ሲጀምር 42 ዶላር ተመደበለትና ግቡን በሳተ ቀን 1.40 ይቀነስበታል። ለአራተኛው ምንም። ሒሳቡን አስተውሉ፤ የመጀመሪያውና የሦስተኛው ገንዘብ እኩል ነው። ምንም ያልተሰጣቸው 30 በመቶውን ቀን ግባቸውን መቱ፤ ሽልማትና ዕጣ የተሰጣቸው 35 እና 36 በመቶ፤ ከእጁ የሚቀነስበት ቡድን ግን 45 በመቶ። ዕጣው ብዙም አልፈየደም። ያገኙትን ማጣት ነው እግር ያነሳው።

እንግዲህ እኔና አጎቴ ከሁለተኛው ቡና በኋላ የነደፍነው የእርምጃ እቁብ ይህን ይመስላል። አሥር የአንድ ተራ ሹፌሮች። በወሩ መጀመሪያ እያንዳንዱ 300 ብር በቴሌብር ለጸሐፊው ያስገባል። የመጀመሪያው ሳምንት የመለኪያ ነው፤ ማንም ምንም አይለውጥም፣ የተለመደ ቀኑን ይውላል። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱ ግብ የራሱ የተለመደ ቀን ሲደመር 1,000 እርምጃ ነው። ይህን ነጥብ አጥብቄ እለምናለሁ፦ ሁሉም ለራሱ ልክ ይወዳደር። ወጣቱ ሹፌር 9,000 ሄዶ ሽማግሌውን የሚያሸማቅቅበት እቁብ በሁለት ሳምንት ይፈርሳል። ግቡን የሳተ በቀን 10 ብር ይቀነስበታል። ወሩ ሲያልቅ ቀሪው ለባለቤቱ ይመለሳል። የተቀነሰው ተጠራቅሞ ለምን ይውላል? አጎቴ «ክትፎ» አለ። ተከራከርን። በመጨረሻ ተራው ላይ የሚቀመጥ የደም ግፊት መለኪያ ይገዛበት ተባባልን፤ ክትፎው ለሚቀጥለው ወር አደረ።

ቁጥሩስ እንዴት ይታመናል? ሰዓት ያለው፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ጠፍቶ የተራመደውን ብቻ ይቁጠር፤ ሲወርድ «ጀምር»፣ ሲሳፈር «አቁም» ማለት ነው። በእግር ጉዞ ሁናቴ የሚቆጥር አብዛኛው ስልክም ሰዓትም ይህን ይችላል። ማታ ማታ የስክሪኑን ፎቶ በቴሌግራም ቡድኑ ላይ ይለጥፋል። ስማርት ስልክ የሌለውም ከእቁቡ አይቀርም። የተራው ዙሪያ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ በእርምጃ ይለካል፤ 200 እርምጃ ከሆነ አምስት ዙር 1,000 ነው። ምስክሩ ተራ አስከባሪው ነው። እሱ ማን መቼ እንደገባና እንደወጣ የሚያውቅ፣ ድምፁ የሚሰማ፣ የማያፍር ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር ከሰዓቱ ይልቅ እሱን አምናለሁ። ሰዓትን ረዳት ላይ ማሰር ይቻላል፤ ተራ አስከባሪን ግን ማን ይሸውዳል?

የመራመጃው ጊዜ ከየት ይመጣል የሚለውን አጎቴ ራሱ አነሳ። ሚኒባስ ነጂ ለባለንብረቱ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፤ የእሱ ድርሻ ከዚያ የተረፈው ነው። ስለዚህ «ምልልስ ቀንስና ስፖርት ሥራ» የሚል ምክር ለሹፌር ስድብ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የተጀመረው፣ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ የሚለቀቅበት «መንገድ ለሰው» ቀንም በሐሳቡ ግሩም ቢሆን፣ መንገድ በተዘጋ እሑድ ታክሲ ነጂው ወይ መዞሪያ ይፈልጋል ወይ ይተኛል። የሚጠቅመው ቀድሞውኑ የጠፋውን ጊዜ መጠቀም ነው። ተራው እስኪደርስ የሚጠበቀው ሃያ ደቂቃ። የነዳጅ ሰልፍ። መኪና ሲታጠብ። ጎሚስታ ቤት። በጥሪ የሚሠራው ነጂ ስልኩ እስኪጮኽ የሚቀመጥበት። ጋላፊ ድንበር ላይ ወረፋ የሚጠብቀው የጅቡቲ መስመር ሹፌር፤ እሱ ግን ፀሐይዋን ፈርቶ ማለዳና ማምሻውን ይምረጥ። ዋሽንግተን ኤርፖርት መጠባበቂያው ሜዳ ላይ ተሰልፈው ተራቸውን የሚጠብቁት ወገኖቻችንም ከአዲስ አበባው ሹፌር የሚለዩት በአየሩ ነው እንጂ በወንበሩ አይደለም።

እርምጃ በማያመችበት ሌላም አለ። የመኪናውን ጎን ይዞ በእግር ጣት ከፍ ዝቅ ማለት ባትን ያሠራል፤ ሃያ ጊዜ ይበቃል። የበሩን እጀታ ይዞ እንደሚቀመጥ ሰው ዝቅ ብሎ መነሳት ጭንን ያሠራል። የእንግሊዞቹን መለጠጫ መግዛት አያስፈልግም፤ አሮጌ የጎማ የውስጥ ላስቲክ በአራት ጣት ስፋት ቆርጦ በሁለት እጅ መለጠጥ ትከሻና ጀርባን ያፍታታል። ይህን ሁሉ በሚሄድ መኪና ውስጥ የሚሞክር ካለ ግን እቁቡ ያባርረው። ቴሌግራሙም የሚነበበው ሞተር ሲጠፋ ነው። ደረቱን የሚወጋው፣ ሲራመድ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ስኳርና ግፊት ያለበት መጀመሪያ ሐኪም ያማክር።

አንድ ነገር ባለንብረቶችን ደስ ላያሰኝ ይችላል፤ ቢሆንም እላለሁ። የእርምጃው መዝገብ ከእቁቡ አባላት እጅ መውጣት የለበትም። ማን ስንት ደቂቃ ከመኪናው ወርዶ እንደቆየ የሚያሳይ ወረቀት አለቃ እጅ ከገባ፣ የጤና መዝገብ መሆኑ ቀርቶ የክስ መዝገብ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ማንም አይወርድም።

ሌላው የሰዓትም የእቁብም ሥራ ያልሆነ ነገር ነው፤ ሽንት ቤት። ብዙ ሹፌር ውኃ የማይጠጣው መሽኛ ስለሌለው ነው፤ ያልጠጣ ሰው አይወርድም፤ ያልወረደ አይራመድም። በየተራው አንድ ንጹሕ ሽንት ቤት፣ ከመኪናው ሃምሳ ሜትር ራቅ ብሎ፣ ከብዙ ሰዓት የተሻለ እርምጃ አስቆጣሪ ይሆናል። ከተማ ለሚያስተዳድሩ ሰዎች የማቀርበው ልመና ይኸው ነው።

እቁቡ ከተጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ከአሥሩ ሁለቱ ወጥተዋል፤ አንዱ ተኮራርፎ፣ አንዱ መስመር ቀይሮ። አጎቴ እስካሁን 40 ብር ተቀጥቷል፤ አራቱም ቀን ዝናብ ነበር ይላል።

ለእናንተ ለተሳፋሪዎች አንድ ነገር ልበል። ተራ ላይ ሹፌሩ ወንበሩን ትቶ መኪናውን ሲዞር ብታዩት፣ ከመስኮት ብቅ ብላችሁ «ሹፌር፣ እንሂድ እንጂ!» አትበሉት። ገና ሁለት ሰው ይጎድላል።